የሚነበብ ግድግዳ፤ የመማሪያ ክፍሎችን ማስዋብ የንባብ ሥራ የሚሆነው መቼ ነው?

የአዲሱ ትምህርት ዘመን ምዝገባ ሲቃረብ በብዙ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የቀለም ሥራ ይጀመራል። በግቢው አጥር ላይ የኢትዮጵያ ካርታ፣ በክፍሎቹ ውጫዊ ግድግዳ ላይ የልብና የሳንባ ሥዕል፣ በበሩ አናት ላይ ስለ ዕውቀት የተነገረ ጥቅስ ይሣላል። በክፍሉ ውስጥ ደግሞ በማዳበሪያ ከረጢት ላይ የተጻፈ የፊደል ገበታ ይሰቀላል። ሥራው የመምህራንን ጉልበትና የወላጅ መምህር ኅብረትን መዋጮ፣ አንዳንድ ጊዜም የአካባቢ ሠዓሊ ክፍያ ይጠይቃል። ሲያልቅ ግቢው ያምራል፤ እንግዳም ያመሰግናል። ሳይጠየቅ የሚታለፈው ጥያቄ ግን፣ ይህን ግድግዳ በዓመቱ ውስጥ የሚያነበው ማን ነው የሚለው ነው።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ የሚከተለው ነው። በመላው ትምህርት ቤት የሚካሄድ የክፍል ማስዋብ ፕሮጀክት ንባብን ሊያሳድግ ይችላል። የሚያሳድገው ግን በግድግዳው ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ ተማሪዎቹ ራሳቸው ሲያዘጋጁት፣ ከትምህርቱ ጋር ሲተሳሰር፣ በየጊዜው ሲለወጥና ሌላ ተማሪ እንዲያነበው ሲደረግ ብቻ ነው። እነዚህ ካልተሟሉ የሚቀረው ጌጥ ነው፤ ጌጥ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ጥቅም አልባ ብቻ ሳይሆን ትኩረት የሚሰርቅም ይሆናል።

የችግሩ ስፋት

እ.ኤ.አ. በ2010 በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች የተካሄደው የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ክህሎት ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ለክፍላቸው ከተመጠነ ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። ስለ ምንባቡ ከቀረቡላቸው ጥያቄዎች አንዱንም ያልመለሱት 48 በመቶ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መማሪያ መጻሕፍት በአዲስ መልክ ተዘጋጅተዋል፤ መምህራንም ሥልጠና ወስደዋል። ይሁን እንጂ ንባብ በመማሪያ መጽሐፍ ገጾች ብቻ የሚዳብር ክህሎት አይደለም። ልጅ ብዙ፣ ልዩ ልዩና ለመረዳት የማይከብድ ጽሑፍ ደጋግሞ ማግኘት አለበት። በቤቱ መጽሐፍ ለሌለው ልጅ፣ በተለይም በገጠር፣ ይህን የሚያገኝበት ዋነኛ ስፍራ ክፍሉ ነው።

የትምህርት ቤት መሻሻል ፕሮግራም የትምህርት ቤትን ሥራ በአራት ዐበይት ጉዳዮች ይከፍላል፤ እነርሱም መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት አካባቢ፣ የትምህርት ቤት አመራርና የኅብረተሰብ ተሳትፎ ናቸው። ክፍልን ማስዋብ በልማድ የሚመደበው በሁለተኛው ሥር፣ ከአጥርና ከአበባ ተክል ጎን ነው። የአመዳደቡ ውጤት ቀላል አይደለም። ሥራው በንጽሕናና በውበት ስለሚለካ፣ አንድ ጊዜ ተሠርቶ ለዓመታት የማይነካ ግድግዳ ጥሩ ነጥብ ያገኛል። ሥራው የመማር ማስተማር አካል ተደርጎ ቢቆጠር ግን፣ ለዓመት ያልተለወጠ ግድግዳ ለዓመት እንዳልተለወጠ የትምህርት ዕቅድ ይታይ ነበር።

ማየት ማንበብ አይደለም

ልጅን በጽሑፍ መክበብ በራሱ አንባቢ ያደርገዋል የሚለው እምነት በጥናት ተፈትኗል። ማሶንሃይመር፣ ድረምና ኤሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት፣ በአካባቢያቸው የሚያዩዋቸውን የንግድ ምልክቶች በደንብ የሚለዩ ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆኑ ልጆችን ፈተኑ። የፔፕሲ ምልክት የመጀመሪያ ፊደሉ በሌላ ተተክቶ ሲቀርብላቸው አብዛኞቹ ለውጡን ሳያስተውሉ ያንኑ የለመዱትን ስም ጠሩ። ልጆቹ ያወቁት ቀለሙንና ቅርጹን እንጂ ፊደሉን አልነበረም። በአገራችንም ኮካ ኮላ የሚለውን የአማርኛ ምልክት ከሩቅ የሚለይ ሕፃን፣ ያው ቃል በጠመኔ በሰሌዳ ላይ ሲጻፍለት ላያነበው ይችላል።

የአገራችን ነባር ትምህርት ይህን እውነት ቀድሞ ያውቀዋል። በቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ፊደል ቆጥሮ ሲያበቃ ወዲያው ወደ ምንባብ አይሻገርም። በመካከል አቡጊዳ አለ። በአቡጊዳ የፊደላቱ ተራ ከ«ሀ ሁ» የተለየ ነው፤ ድምፃቸውም ከግእዝ ወደ ካዕብ፣ ከካዕብ ወደ ሣልስ እየተሻገረ ይሄዳል። ስለዚህ በዜማ ያጠናውን ተራ ተከትሎ ብቻ የሚያነበንብ ልጅ እዚህ ላይ ይያዛል፤ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ ለመለየት ይገደዳል። ዛሬ በብዙ ክፍሎች ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ገበታ «ሀ ሁ»ን ብቻ ይዞ ቀርቷል። ልጆቹ በየቀኑ በኅብረት ይዘምሩታል፤ አንዱን ፊደል ከመካከል ነጥሎ ለጠየቃቸው ግን ከመስመሩ መጀመሪያ ተነሥተው እየቆጠሩ ካልሆነ አይደርሱበትም።

የፊደሉ ባሕርይም በግድግዳ ላይ ምን መጻፍ እንዳለበት ይጠቁማል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 መልክ ይሆናሉ። ከእነዚህ መካከል ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ የሚለያዩት በአናታቸው ላይ ባለች ትንሽ ምልክት ብቻ ነው። የሳድስ መልክም እንደ ካዕብና እንደ ሣልስ ቋሚ ምልክት ስለሌለው በየፊደሉ መጠናት ይኖርበታል። ከዚህ በላይ ደግሞ ጽሕፈታችን የድምፅን መጥበቅና መላላት አያሳይም። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ኖረ ማለት ነው። «ገና» በዓሉን ወይም ያልደረሰ ጊዜን፣ «ዋና» በውኃ መንሳፈፍን ወይም ቁንጮውን ሊያመለክት ይችላል። ልጁ የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ከዓረፍተ ነገሩ ነው። ስለዚህ በተናጠል ቃላትና በፊደል ገበታ ብቻ የተሞላ ግድግዳ የአማርኛ ንባብን ግማሽ ብቻ ያስተምራል፤ ሌላው ግማሽ የሚገኘው በተያያዘ ጽሑፍ ውስጥ ነው።

ሲበዛ የሚያመጣው ጉዳት

አና ፊሸርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ባሳተሙት ጥናት 24 የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ከፊሉን ትምህርት በሥዕልና በፖስተር በተሞላ ክፍል፣ ከፊሉን ግድግዳው ባዶ በሆነ ክፍል ተምረዋል። በተሞላው ክፍል ልጆቹ ከትምህርቱ ውጭ በሆነ ነገር ያሳለፉት ጊዜ 38.6 በመቶ ሲሆን በባዶው 28.4 በመቶ ነበር። በፈተናም ከተሞላው ክፍል ትምህርት 42 በመቶ፣ ከባዶው 55 በመቶ ያህል በትክክል መልሰዋል።

ይህ ውጤት ለአገራችን ትምህርት ቤቶች ሲተረጎም ጥንቃቄ ያሻል። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ትንሽ ነው፤ በግድግዳው ላይ የነበረውም ከዕለቱ ትምህርት ጋር ግንኙነት አልነበረውም። ስለዚህ ጥናቱ የሚያስጠነቅቀው ትምህርቱን ከማያግዝ ጌጥ ነው። ፒተር ባሬትና ባልደረቦቻቸው በእንግሊዝ አገር በ153 ክፍሎችና በ3,766 ተማሪዎች ላይ ያደረጉት ጥናትም ተመሳሳይ አቅጣጫ ይጠቁማል። በተማሪዎች የአንድ ዓመት የትምህርት ዕድገት ውስጥ ከታየው ልዩነት 16 በመቶው ከክፍሉ አካላዊ ባሕርይ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል። በግድግዳ ማስዋብ ረገድ የተሻለው ባዶም ያልሆነ፣ ያልተጨናነቀም መካከለኛ መጠን ነው። ከጌጡ ይልቅ ብርሃንና ንጹሕ አየር ከፍተኛ ድርሻ ነበራቸው። መብራት በሌለው ክፍል መስኮትን በፖስተር መሸፈን፣ ለንባብ ተብሎ ንባብን መከልከል ይሆናል።

ፕሮጀክቱ ምን ይምሰል

ከላይ የተነሡት ነጥቦች አንድ የሚሠራ አካሄድ ይጠቁማሉ። በየወሩ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ታሪክ ይመርጣል። የተረት መጽሐፍ ካለ ከዚያ ይወሰዳል፤ ከሌለ ልጆች ከአያቶቻቸው የሰሙትን ተርከው መምህሩ በሰሌዳ ላይ ይጽፈዋል። ግድግዳው የሚዋበው በዚህ ታሪክ ነው። የጅብና የአህያ ተረት ቢመረጥ፣ የአንደኛ ክፍል ልጆች ሥዕሉን ሥለው «ጅብ መጣ»፣ «አህያ ሮጠች» የሚሉ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን ይጽፉበታል። ሁለተኛ ክፍሎች ታሪኩን በቅደም ተከተል በተደረደሩ ዓረፍተ ነገሮች ያቀርቡታል። ሦስተኛ ክፍሎች በራሳቸው ቃል ይተርኩታል። አራተኛ ክፍሎች ደግሞ ሌላ ፍጻሜ ይፈልጉለታል፤ ለአንባቢያቸውም «አህያዋ ጅቡን ለምን አመነችው?» የሚል ዓይነት ጥያቄ ይተዋሉ። የሳምንቱ ፊደላት ከታሪኩ ቃላት ተመርጠው፣ እንደ አቡጊዳ ከለመዱት ተራ ወጥተው ይሰቀላሉ።

ትምህርት ቤቱን በሙሉ የሚያስተሳስረው የንባብ ጉብኝት ነው። በወሩ መጨረሻ፣ ለምሳሌ ዓርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ፣ ክፍሎች ተለዋውጠው የሌላውን ግድግዳ ሁለት ሁለት እየሆኑ ያነብባሉ፤ ጥያቄውን ይመልሳሉ፤ ስማቸውንም ከሥር ይጽፋሉ። ልጅ ለመምህሩ እርማት ብቻ ሲጽፍና ከጎረቤት ክፍል የሚመጣ አንባቢ እንዳለው አውቆ ሲጽፍ ጥንቃቄው አንድ አይደለም። ጉብኝቱ ሲያበቃ ወረቀቶቹ ወርደው በክር ተሰፍተው መጽሐፍ ይሆናሉ፤ በንባብ ጥግ ወይም በቤተ መጻሕፍቱ ይቀመጣሉ። ሃያ ክፍል ያለው ትምህርት ቤት በዓመት ስምንት ዙር ቢያካሂድ 160 በልጆች የተዘጋጁ መጻሕፍት ይኖሩታል።

ጥቂት ደንቦች ያስፈልጋሉ። ጽሑፉ በልጆች ቁመት ልክ ይሰቀላል። መስኮትና የሰሌዳው አካባቢ ነፃ ይሆናል። ከሩቅ እንዲነበብ የተጻፈ ነገር ሁሉ በኋላ ወንበር በተቀመጠ ልጅ ይፈተናል፤ ካላነበበው በጉልህ እንደገና ይጻፋል። ረቂቁ ከታረመ በኋላ በንጹሕ የሚገለብጠው ግን ልጁ ራሱ ነው።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የመምህሩ ጫና ነው። ሃምሳና ከዚያ በላይ ተማሪ ያለው መምህር ተጨማሪ ሥራ ሊጫንበት አይገባም። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ መፍትሔው ግን ሥራውን ወደ ጽሕፈትና ንባብ ክፍለ ጊዜ ማስገባት ነው። አሁን ባለው አሠራር መምህሩ ከሥራ ሰዓት ውጭ ማዳበሪያ ከረጢት ዘርግቶ ሲጽፍ ያመሻል። በተማሪ በሚሠራ ግድግዳ የሚጽፉት ልጆቹ ናቸው፤ መጻፋቸውም ራሱ ትምህርት ነው።

ሁለተኛው የፈረቃ ትምህርት ነው። ጠዋትና ከሰዓት ሁለት የተለያዩ ክፍሎች በሚጋሩት ክፍል ግድግዳው የማን ነው? ሲባጎ በግድግዳው ላይ ወጥሮ ወረቀቶቹን በመቆንጠጫ መስቀል ሥራውን ለማውረድና ለማንሣት ያስችላል። ከዚህም በላይ ሁለቱ ፈረቃዎች አንዳቸው የሌላቸው የዘወትር አንባቢ ሊሆኑ ይችላሉ። ችግር የሚመስለው ሁኔታ ለዚህ ፕሮጀክት ዝግጁ አንባቢ ያቀርብለታል።

ሦስተኛውና ጠንካራው ተቃውሞ ከጌጥ በፊት መጽሐፍ ይቅደም የሚለው ነው። ግድግዳ መጽሐፍን እንደማይተካ እርግጥ ነው። የተጻፈና የታተመ የልጆች መጽሐፍ ከልጆች ሥራ የሚልቅ ቋንቋና ዓለም ይዞ ይመጣል። ነገር ግን ምርጫው በመጽሐፍና በሚነበብ ግድግዳ መካከል አይደለም። ለቀለምና ለሠዓሊ የሚወጣው ገንዘብ ዛሬም እየወጣ ነው። ለወረቀት፣ ለማርከርና ለሲባጎ የሚበቃው ተቀንሶ ቀሪው ለተረት መጻሕፍት ግዥ ቢውል ሁለቱም ይጠቀማሉ።

አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ፕሮጀክቱ የክፍሎች የውበት ውድድር ከሆነ፣ ለማሸነፍ ሲባል መምህሩ ወይም ወላጅ የልጁን ሥራ ይሠራለታል፤ ጠማማው የልጅ ጽሕፈት ተነሥቶ በኮምፒውተር የታተመ ይተካል። ውድድር ካስፈለገም መለኪያው በጉብኝቱ ስንት ልጆች አንብበው ጥያቄውን መለሱ የሚለው መሆን ይገባዋል።

ማጠቃለያ

በዚህ መስክ ለድኅረ ምረቃ ጥናት የሚሆን ሰፊ ክፍተት አለ። ከላይ የተጠቀሱት ጥናቶች የተካሄዱት በሌላ ፊደል በሚያነቡ ልጆች፣ ግድግዳው ከመጠን በላይ በሚሞላባቸው አገሮች ነው። በተማሪ የተሠራና በየወሩ የሚለወጥ ግድግዳ በግእዝ ፊደል የሚያነቡ ልጆችን የቃል ንባብ ፍጥነትና የመረዳት ችሎታ ምን ያህል ይለውጣል? የአናባቢን ርዝመት ፊደል በመድገም በሚያሳየው በአፋን ኦሮሞ ጽሕፈትስ? በአንድ ወረዳ ውስጥ ጥቂት ትምህርት ቤቶችን በማነጻጸር በአንድ የትምህርት ዓመት ሊመለሱ የሚችሉ ጥያቄዎች ናቸው።

ጥናቱ እስኪመጣ ድረስ ግን ትምህርት ቤቶችና የክላስተር ሱፐርቫይዘሮች ነገ ሊጀምሩት የሚችሉት አንድ ለውጥ አለ። በመመልከቻ ቅጹ ላይ ያለውን «ክፍሉ ተውቧል ወይ?» የሚል ዓይነት ጥያቄ በሌላ መተካት ነው። ሱፐርቫይዘሩ በዕጣ ሦስት ተማሪዎችን ይጥራ፤ ከግድግዳው ላይ የመረጡትን እንዲያነቡለትና የጻፈውን ልጅ እንዲያሳዩት ይጠይቃቸው። ለክፍሉ የሚሰጠው ነጥብ ከዚያ መልስ ይነሣ።