ለጠረጴዛው ልክ ወስደን ለራሳችን ለምን አንወስድም?

ስልካችሁን አውጡና ጋለሪውን እስቲ አንዴ ወደ ላይ ግፉት። ስክሪንሾት ካደረጋችኋቸው ፎቶዎች መካከል አንድ የኪሮሽ ልብስ አይጠፋም ብዬ እወራረዳለሁ። ከቲክቶክ ወይም ከፒንተረስት የተወሰደ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ የቆመች ልጅ የለበሰችው፣ ትከሻዋ ላይ ልክክ ያለ ነጭ ቶፕ።

እኔም ነበረኝ። ፎቶውን ይዤ እዚሁ ነቀምቴ ዳንቴል ወደምትሠራ አንዲት እህት ሄድኩ። "ልክ እንደዚህ አድርገሽ ሥሪልኝ" አልኳት። ቀብድ ሰጠኋት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደወለችልኝና ሄጄ ለካሁት። ብብቱ ጋ ይይዛል፣ ደረቱ ላይ ይሰፋል፣ ርዝመቱ እምብርቴ ጋ ሳይደርስ ያልቃል። ሥራዋ ግን እንከን አልነበረውም። ፎቶው ላይ ያለውን ነገር አንድ በአንድ ሠርታዋለች። ችግሩ ፎቶው ላይ ያለችው ልጅ እኔ አለመሆኔ ነው። እሷ ልኬን አልወሰደችም፣ እኔም ውሰጂልኝ አላልኳትም።

ቀሪውን ከፈልኩ። ልብሱን ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባሁት፤ ለስድስት ወር እዚያው ተቀመጠ። የእሷ ሦስት ሳምንትና የእኔ ብር አብረው ተቆልፈውበት ማለት ነው።

ያኔ ነው አያቴ ትዝ ያለችኝ። በእኛ ቤት "አኮ" ነው የምንላት። አኮ ለጠረጴዛ ዳንቴል ልትሠራ ስትነሳ ክሩን አትነካም። መጀመሪያ ጠረጴዛውን በስንዝር ትለካዋለች። ከዚያ አንዲት ትንሽ ክብ ትሠራና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እንደዚያ ያለ ስንት እንደሚበቃ ትቆጥራለች። ለሶፋው መደገፊያ ሌላ ልክ፣ ለቴሌቪዥኑ ሌላ፣ ለቴፑ ሌላ። የጎረቤት ዳንቴል አይታ ብትወደው እንኳ አበባውን ትወስዳለች እንጂ ልኩን አትወስድም፤ የጎረቤቷ ጠረጴዛ የእሷ ጠረጴዛ አይደለማ። በእኛ ሳሎን ያልገጠመ ዳንቴል አይቼ አላውቅም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። ለጠረጴዛ ልክ የሚወስድ ሙያ በየቤታችን እያለ፣ ኪሮሹ ከጠረጴዛ ወደ ሰው ሲሸጋገር ለምንድነው ልኩ የቀረው? የኪሮሽ ልብስ የምታሠሩም ሆነ የምትሠሩ ልጆች፣ ከፎቶው በፊት የራሳችሁን ልክና የራሳችሁን ንድፍ ካላስቀደማችሁ በጊዜም በብርም ትከስራላችሁ ባይ ነኝ። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ እስቲ ከብሩ ልጀምር።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ነገር አለ። ሹራብ በማሽን ይሠራል። እውነተኛ ኪሮሽ ግን ፋብሪካ ውስጥ በማሽን አይሠራም። መልኩን የሚያስመስል ጨርቅ ማሽን ያወጣል፤ እያንዳንዱን ቀለበት ከሌላው ቀለበት ውስጥ እየሳበ የሚያወጣው ግን እስከዛሬ የሰው እጅ ነው። ስለዚህ የትም ሱቅ እውነተኛ የኪሮሽ ልብስ ስታዩ፣ የሆነ አገር ውስጥ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሠርቶታል። ዋጋው በጣም ከረከሰ የረከሰው የዚያ ሰው ሰዓት ነው።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር እንምጣ። ለምሳሌ ያህል እንበልና አንዲት ልጅ የ900 ብር ክር ገዝታ፣ 40 ሰዓት ሠርታ፣ ሹራቡን 2,000 ብር ሸጠችው። የክሩን ስንቀንስ 1,100 ብር ይቀራል። ለ40 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 27 ብር ከ50 ሳንቲም። ማኪያቶ ጠጥታ ከሆነ እሱንም ቀንሱ። ደንበኛዋ ደግሞ "ተወደደ፣ ሰልባጅ ተራ ብሄድ በግማሹ አገኛለሁ" ትላታለች። እውነቷን ነው፣ ታገኛለች።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ክር የሚጠቀም ሰው ይሄን በኪሱ ያውቀዋል። ክሩ ሲወደድ የልብሱን ዋጋ በዚያው ልክ ማሳደግ አይቻልም፣ ደንበኛዋ የምታወዳድረው ከሰልባጁ ጋር ነውና። በርካሽነት ከሰልባጅ ጋር መፎካከር ገና ሳይጀመር የተሸነፉት ውድድር ነው።

ታዲያ ሰልባጁ የማይችለው ምንድነው? ልክ! ሰልባጅ የሌላ ሰው ሰውነት ታስቦበት የተሠራ ልብስ ነው። ትከሻሽ ሰፋ ብሎ ወገብሽ ቀጠን ካለ፣ ቁመትህ ረዝሞ እጅጌ ሁሉ የሚያጥርህ ከሆነ፣ ስሞል፣ ሚዲየም፣ ላርጅ የሚባሉት ሦስት ፊደሎች አያውቋችሁም። የኪሮሽ ሠሪዋ ታውቃችኋለች። ገንዘብ የሚያወጣው እሱ ነው። የወለጋ ቡና በዓለም ገበያ "ለቀምቲ" በሚል በራሱ ስም ነው የሚታወቀው፤ ገዢው ስሙን የሚጠራው ሌላ ቦታ የማያገኘውን ጣዕም ፈልጎ ነው። የእጅ ሥራችንም ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር ይዞ ይቅረብ ነው የምለው።

"እሺ፣ እንዴት?" ካላችሁ፣ አኮ በስንዝር የምታደርገውን እኛ በሜትርና በስልካችን ካልኩሌተር እናደርገዋለን። የሚያስፈልገው የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ደብተርና እርሳስ ነው።

መጀመሪያ ሰውነታችሁን ለኩ። የደረት ዙሪያ፣ የወገብ ዙሪያ፣ የዳሌ ዙሪያ፣ ትከሻ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ከትከሻ እስከ ወገብ፣ የክንድ ዙሪያ፣ የእጅጌ ርዝመት። ጻፉት። ጓደኛችሁ ትለካችሁ፤ ራስን ብቻ ሲለኩ ሜትሩ ከኋላ ይወርዳል።

ቀጥሎ ናሙና ሥሩ። በመረጣችሁት ክርና በመረጣችሁት ኪሮሽ 12 በ12 ሳንቲሜትር የሚሆን ቁራጭ። እጠቡትና አድርቁት፤ አንዳንዱ ክር ሲታጠብ ይለቃል፣ አንዳንዱ ይሰበሰባል። ከዚያ መሃሉ ላይ 10 ሳንቲሜትር ለክታችሁ በዚያ ውስጥ ስንት ቀለበት እንዳለ ቁጠሩ።

እንበል 16 ሆነ። የደረታችሁ ዙሪያ 92 ሳንቲሜትር ነው፣ ልብሱ ትንሽ ለቀቅ እንዲል 6 ጨምራችሁ 98 አደረጋችሁት። 98 ሲባዛ በ1.6 ወደ 157 ይመጣል። ለእኩል ክፍያ 156 እንያዝ፤ ለፊት 78፣ ለኋላ 78። ይሄው ነው። ንድፍ የሚባለው ነገር ግማሹ ይቺ ማባዛት ናት።

ናሙናውን ዘልላችሁ ቢሆንስ? እጃችሁ ጠበቅ ያለ ሆኖ በ10 ሳንቲሜትር 18 ቀለበት ቢወጣ፣ ያው 156 ቀለበት 87 ሳንቲሜትር አካባቢ ብቻ ይሆናል። የሁለት ቀለበት ልዩነት ልብሱን 11 ሳንቲሜትር አጠበበው፤ 92 ሳንቲሜትር ደረት ላይ አይገባም። ዩቲዩብ ላይ ያገኛችሁት "ነፃ ንድፍ" የማይሠራላችሁም በዚሁ ምክንያት ነው። እዚያ የተጠቀሙበት ክር የእኛ ሱቅ ውስጥ ያለው ክር ላይሆን ይችላል፣ የሠሪዋ እጅም የእናንተ እጅ አይደለም።

ከዚህ በኋላ ያለው የምርጫ ጉዳይ ነው። እዚህ ጋ ነው ስታይል የሚገባው። የት ነው የምትለብሱት? የነቀምቴ ጠዋት፣ በተለይ በክረምት፣ ደፈን ያለ ሹራብ ያስለብሳል። ወደ ጊምቢ በሚሄድ መኪና ተሳፍራችሁ ዴዴሳ ሸለቆ ስትወርዱ ግን ያንኑ ሹራብ አውልቃችሁ ጉልበታችሁ ላይ ታስቀምጣላችሁ። እንግዲያው ለምን ፊቱ በቁልፍ የሚከፈት አይሆንም? ለምን እጅጌው ሳሳ ያለ፣ አየር የሚያስገባ ሥራ አይሆንም? ባሕር ዳርቻ ላይ የቆመችው ልጅ ይሄ ጥያቄ የለባትም። የእናንተን መንገድ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

የጥጥ ክር ከመረጣችሁ ረጅም ቀሚስ ሲሆን በራሱ ክብደት ወደ ታች እንደሚለጠጥ አስቡና ርዝመቱን ትንሽ ቀንሱ። ቀለሙን ከምትወዱት ሱሪ ወይም ጫማ ጋር አስተያዩት። አንገቱ ሰፊ ይሁን ጠባብ፣ ከፎቶው ውሰዱ። ፎቶው ለሐሳብ ጥሩ ነው፤ ለልክ ግን አይሆንም።

"ይሄ ሁሉ ለአንድ ቶፕ?" የሚል እንዳለ አውቃለሁ። እውነት ለመናገር፣ የምትፈልጉት የሚለበስ ነገር ብቻ ከሆነ ሰልባጅ ሂዱ፣ አልፈርድባችሁም። እኔም እሄዳለሁ። የምከራከረው 40 ሰዓት የሰው እጅ ሊፈስበት ለተወሰነ ልብስ ነው። ለዚያ አንድ ከሰዓት ለናሙናና ለልኬት ማውጣት ከበዛ፣ 40 ሰዓቱም በዝቷል።

"ዳንቴል የሴቶች ጊዜ ማሳለፊያ እንጂ ሥራ አይደለም" የሚልም አይጠፋም። ለእሱ የአየርላንድን ታሪክ ልንገረው። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ የድንች ሰብል በበሽታ ወድሞ አየርላንድ በረሀብ ስትመታ፣ ብዙ ሴቶች የኪሮሽ ዳንቴል ተምረው እየሸጡ ቤተሰብ አቆይተዋል። አንዷ አበባውን፣ ሌላዋ ቅጠሉን ትሠራለች፣ ሌላዋ ታገጣጥማለች። በኋላ ግን መልኩን የሚያስመስል ዳንቴል በማሽን መውጣት ጀመረ፣ ፋሽኑም ተቀየረ፣ ገበያው ተዳከመ። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ መልክ ብቻ ከሸጣችሁ የሚያስመስል አንድ ቀን ይመጣል የሚለውን ነው። ለአንድ ሰው ትከሻ ተለክቶ የተሠራን ነገር ግን አስመስሎ በብዛት ማምረት አይቻልም።

ለምትሠሩ ልጆች ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ዋጋ ስትናገሩ ክሩን፣ ሰዓቱን፣ ልኬትና ናሙናውን ለየብቻ ጻፉት። ደንበኛ "2,000 ብር" ሲባል ይደነግጣል፤ ምን ምን እንዳለበት ሲያይ ግን ቢያንስ የሚከራከረው አውቆ ነው። ቀብዱ ክሩን የሚሸፍን ይሁን፤ በቴሌብር መቀበል ከተቻለ ነጆ ወይም መንዲ ያለ ደንበኛም ልኩን በቴሌግራም ልኮ ያዛችኋል። መንገድ አስቸጋሪ በሆነ ቁጥር እየተመላለሰ መለካት የለበትም፤ እንዴት እንደሚለካ አንድ አጭር ቪዲዮ ሠርታችሁ ላኩለት።

ሁለተኛ፣ ደብተር ያዙ። በ2012 ዓ.ም. ከገና ሰሞን ጀምሮ እስከ መጋቢት ወር ድረስ በወለጋ ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደነበር የምትረሱት አይመስለኝም። ቪዲዮ እያየ ብቻ የሚሠራ ሰው ያን ጊዜ ምን ሊሠራ ይችላል? ልኩን፣ የናሙናውን ቁጥርና ንድፉን በደብተሩ የያዘ ሰው ግን ሥራው አይቆምም። አኮ ዋይፋይ አልነበራትም።

ያ ቁም ሳጥን ውስጥ የተቀመጠው ቶፕስ? ባለፈው ወር አውጥቼ ወደዚያችው እህት ወሰድኩት። መጀመሪያ የተቆጣሁ መስሏት ደነገጠች። "አይ፣ አብረን እንተርትረው" አልኳት። ተሰፍቶ የተቆረጠ ጨርቅ አንዴ ከተበላሸ ተበላሸ ነው፤ ኪሮሽ ግን ጫፉን ይዛችሁ ስትስቡት ተመልሶ ክር ይሆናል። ተረተርነው፣ የተጠማዘዘው እንዲቃና አጥበን ሰቀልነው። ከዚያ ሜትር አምጥታ ለካችኝ፣ ናሙና ሠራች፣ እኔ አባዛሁ፣ እሷ "እጅጌውን ለምን እስከ ክርን አናደርገውም፣ ክሩም ይበቃናል" አለችኝ። ያ ሐሳብ የእሷ ነው፣ ከየትም ፎቶ ላይ አልመጣም። ለሐሳቡም ለብቻው ከፈልኳት።

ይሄን ስጽፍ ለብሼዋለሁ። ብብቱ አይዝም። ሁለት ጓደኞቼም "ማን ሠራልሽ?" ብለው ስልኳን ወስደዋል። ስልኳን ስሰጣቸው ግን አንድ ነገር ነግሬያቸዋለሁ፦ ስትሄዱ ፎቶ ብቻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፣ መጀመሪያ ተለኩ።