«አንድ ፍሬ ብቻ»

መርካቶ ውስጥ የሚሠሩ ወጣቶች ደጋግመው የሚሉኝ ነገር አለ፦ «ዶክተር፣ እኔ እኮ ፍሬ ፍሬውን ነው የማጨሰው፤ መተው አያቅተኝም።»

እኔ ደግሞ የምላችሁ፣ አስቸጋሪዋ እሷው ፍሬ ናት። ፓኮ የገዛ ሰው ስንት እንዳጨሰ ያውቃል። ከሱቅ በደረቴ አንድ አንድ የሚገዛ ግን ሒሳቡ ይጠፋበታል። ስለዚህ «እየቀነስኩ ነው» አትበሉ፤ ቀን ቁረጡና አቁሙ።

✔ የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ይከብዳሉ። አምሮቱ ሲመጣ 10 ደቂቃ ታገሱ፤ ውኃ ጠጡ፣ ወክ አድርጉ፣ ያልፋል።

✔ ጫት ቤት እየተቀመጡ ሲጋራ ማቆም ዘበት ነው። መጀመሪያ ቦታውን ቀይሩ።

✔ ጋንጃን ከትምባሆ ጋር ቀላቅላችሁ የምታጨሱ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ተዉ። እንቅልፍ ማጣት፣ ብስጭትና የምግብ ፍላጎት መቀነስ ያጋጥማል፤ አብዛኛው በ2 ሳምንት ውስጥ ይቀላል። ከባሰባችሁ ሐኪም አማክሩ።

✔ ተሳስታችሁ አንድ ካጨሳችሁ «ተበላሸ» ብላችሁ አትቀጥሉ። ከዚያችው ሰዓት እንደገና አቁሙ።

በመጨረሻ፦ የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ሲጋራ መሸጥን ይከለክላል። እናንተም ሱቅ የሚያግዛችሁን ታናሽ ወንድማችሁን «ሲጋራ ግዛልኝ» ብላችሁ አትላኩት። ነገ ለራሱ ይገዛል።