ቶርክ ኮንቨርተር ሲመረጥ ከፍታም ይቈጠር

«አውቶማቲክ ካምቢዮ ለደጋ አገር አይሆንም» ሲባል ይሰማል። ከጣርማ በር በሞላሌ በኩል ወደ መሐል ሜዳ የምትጓዝ አነስተኛ የቤንዚን መኪና ከቆመችበት ዳገት ለመነሣት ስትለግም ያየ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። በእኔ አስተያየት ግን ጥፋቱ የካምቢዮው ዓይነት አይደለም፤ ሞተሩንና ካምቢዮውን በዘይት የሚያገናኘው ቶርክ ኮንቨርተር ሲመረጥም ሆነ ሲመረመር ከፍታው ከሒሳብ አለመግባቱ ነው።

እንደሚታወቀው ይህ መሣሪያ የሚሠራው በፍሪሲዮን ፈንታ ነው። ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ፓምፕ ዘይቱን ወደ ተርባይኑ ይወረውራል፤ በመካከል ያለው ስቴተር ተመላሹን ዘይት አቅጣጫ አስይዞ የመጠምዘዝ ኃይሉን በመነሻ ላይ ወደ ሁለት እጥፍ ገደማ ያሳድገዋል። (መሠረቱን ጀርመናዊው መሐንዲስ ኸርማን ፎቲንገር እ.ኤ.አ. በ1905 ሲጥል ያሰበው ለመርከብ እንደ ነበር ልብ ይሏል!) መኪናው በፍሬን ተይዞ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ሞተሩ የሚደርስበት ዙር «ስቶል» ይባላል። ይህ ዙር የኮንቨርተሩ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ ከሞተሩ የመጠምዘዝ ኃይል ዳግም ዘር ጋር አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል።

መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ያንሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ኃይሉን በዚያው መጠን ገደማ ያጣል። የ0.74 ዳግም ዘር 0.86 ነው። ስለዚህ በጠረፍ በደቂቃ 2,200 ዙር የነበረው ስቶል እዚህ ወደ 1,900 ይወርዳል።

አሳሳቢው ነገር ከዚህ ይከተላል። የጥገና መጻሕፍት ስቶሉ ከተጻፈው ቍጥር ካነሰ ወይ ሞተሩ ደክሟል፣ ወይ የስቴተሩ ባለ አንድ አቅጣጫ መያዣ ተበላሽቷል ይላሉ። ከፍታውን ያላሰበ መካኒክ ጤነኛውን ኮንቨርተር «ሞቷል» ብሎ ያስወርዳል። ባለንብረቱም አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ወርዶ፣ ብሎኑ ስለ ገጠመ ብቻ፣ ታሪኩ ያልታወቀ አሮጌ ዕቃ ይገዛል። ዕቃው ከ1.8 ሊትር ሞተር የወጣ ሆኖ ከ1.3 ሊትር ሞተር ጋር ቢገጠም ስቶሉ ይብሱን ይወርዳል፤ መኪናዋም ከቀድሞው የባሰች ለጋሚ ትሆናለች። ቀድሞ የመጽሐፉን ቍጥር በ0.86 ማባዛት ይህን ሁሉ ወጪ ባስቀረ ነበር።

መለወጡ የግድ ከሆነ ስቶሉ ከፋብሪካው በ200 ወይም በ300 ዙር ከፍ ያለ ኮንቨርተር ለመንዝ ዳገት ይስማማል ባይ ነኝ። ከዚያ ማለፍ የውድድር መኪና ምኞት ነው። የሚንሸራተት ኮንቨርተር ኃይሉን በዘይቱ ውስጥ ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ስስ አየር ደግሞ ሙቀትን በሚገባ አይወስድም። ስለሆነም ተጨማሪ የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ማስገጠምና ዳገትን በዝቅተኛ ማርሽ መውጣት ያስፈልጋል። በረዥም ጉዞ ፓምፑንና ተርባይኑን አንድ የሚያደርግ መቆለፊያ የሌለውን ኮንቨርተር ግን፣ ርካሽ ቢሆንም፣ አልመርጠውም።