ቀኑ ሳይጣራ «አስቀምጥ» አይነካ

በየማኅበሮቻችን ጠረጴዛ ላይ ደብተሩ ቀርቶ ስልክ መጥቷል። ጥሩ ነው። ፕሮግራመር ሳንቀጥር፣ አፕሺትን በመሳሰሉ መሣሪያዎች ራሳችን ቅጽ ሠርተን የእህቶቻችንን ስም፣ ሥራ የጀመሩበትን ቀን፣ ደመወዝ የቆመበትን ቀን እንመዘግባለን። እኔም ከሚመዘግቡት አንዷ ነኝ፤ ከቅጹ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ «ዋናው መመዝገቡ ነው፣ ቀኑን በኋላ እናስተካክለዋለን» ከምትለው አባባል ጋር ነው።

በኋላ ማለት መቼ ነው? በእረፍት ቀኗ ከፊታችን የተቀመጠችው ልጅ ማታ ማዳም ቤት ናት። ስልኳን ሊወስዱባት ይችላሉ። የሚቀጥለው እረፍቷ ከወር በኋላ ሊሆን፣ ጭራሽም ላይኖር ይችላል። ቀኑን የምታውቀው ደግሞ እሷ ናት። ከወንበሩ ከተነሳች በኋላ የምናደርገው ማስተካከል ግምት ነው፤ በሰው ደመወዝ ላይ ደግሞ አይገመትም።

ስሕተቱ ሲያዩት ትንሽ ነው። ሥራ የጀመረችበትን ቀን 03/11/2021 ብላ ጻፈች እንበል። እዚህ አረብ አገር ይህ ኖቬምበር 3 ነው። መሣሪያው በአሜሪካኖቹ አጻጻፍ የተስተካከለ ከሆነ ግን ማርች 11 ብሎ ይይዘዋል። ቀይ ምልክት የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። 8 ወር ገደማ ተዛባ ማለት ነው። ወረቀቱ ክስ ላይ ሲቀርብ አሠሪው ፓስፖርቱን ያወጣና የመግቢያ ማኅተሙን ያሳያል፤ «ይኸው፣ ገና ሳትመጣ ሠራሁ ትላለች» ይላል። ከዚያ ወዲያ እውነቱን ብትናገርስ ማን ይሰማታል? የተገላበጠው ደመወዝ የቆመበት ቀን ከሆነ ደግሞ 11/03 ኖቬምበር 3 ይሆንና ያልተከፈላት 8 ወር ከሒሳቡ ይጠፋል። በወር 200 ዶላር የምታገኝ ብትሆን 1,600 ዶላር ነው።

የባሰው ነገር፣ 25/11 ብላ የጻፈችዋ ላይ ይህ አይደርስም። 25ኛ ወር ስለሌለ አንዳንዱ ሰንጠረዥ እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ በአንድ ዝርዝር ውስጥ አንዱ ቀን ልክ፣ አንዱ የተገለበጠ፣ አንዱ ከነጭራሹ የማይደመር ይሆናል። ሦስት መቶ ሰው ከተመዘገበ በኋላ የትኛው የትኛው እንደሆነ ማን ይለያል?

በዚህ ላይ የራሳችን አቆጣጠር አለ። የልደት ቀኗን 12/5/1990 ያለችው ልጅ ጥር 12 ማለቷ ከሆነ፣ በፈረንጆች ጃንዋሪ 20 ቀን 1998 ነው። ቅጹ ሜይ 12 ቀን 1990 ብሎ ዝም ካለ 7 ዓመት ከ8 ወር ጨመረባት። ጳጉሜን 3 የተወለደችው 3/13 ብትል፣ ያው አሜሪካዊ ቅጽ ማርች 13 ብሎ ይቀበላታል። ሳውዲ ያላችሁ ደግሞ ሂጅራው አለባችሁ፤ ዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ስለሚያንስ፣ የሁለት ዓመት ኮንትራት በየትኛው እንደተቆጠረ ካልተጻፈ ሦስት ሳምንት ገደማ ያከራክራል።

እና ምን ይደረግ? ቅጹ ከመቀበሉ በፊት ይጠይቅ። መጀመሪያ አቆጣጠሩን ያስመርጥ፦ የኢትዮጵያ፣ የፈረንጆች ወይስ የሂጅራ? ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስም ያስመርጥ። ሥራ የጀመረችበት ቀን ከዛሬ በኋላ ከሆነ፣ ወይም ያቆመችበት ከጀመረችበት ከቀደመ፣ አላስቀምጥም ይበል። አፕሺት ላይ «ቫሊድ ኢፍ» የሚባለው ቦታ ለዚህ ነው የተሠራው፤ አንድ መስመር ይበቃዋል። የሚወጣው መልእክትም «ስሕተት» ብቻ አይሁን። «ሥራ ያቆምሽበት ቀን ከጀመርሽበት ቀድሟል፤ ሁለቱን እንደገና እይ» ይበል፣ በአማርኛ። በመጨረሻም ከማስቀመጡ በፊት በሁለቱም አቆጣጠር ያንብብላት፦ ኖቬምበር 3 ቀን 2021፣ በእኛ ጥቅምት 24 ቀን 2014። «አዎ፣ እሱ ነው» ስትል ብቻ ይቀመጥ።

«ፓስፖርቷ ማዳም ጋ የተቀመጠባትን ልጅ በጥያቄ ብዛት ልታባርሪ ነው?» የሚሉኝ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ማጣራቱን መተው አይደለም። ማጣራት ሌላ፣ ማስገደድ ሌላ። «ቀኑን አላስታውስም» የሚል ምርጫ ይኑር፤ ወሩንና ዓመቱን ብቻ የምታውቅ ያንኑ ታስገባ። ቀን ካልሞላሽ አላልፍም የሚል ቅጽ የሚያገኘው ጃንዋሪ 1 ነው፤ ከባዶው የሚከፋ ውሸት።

ልደትም እንዲሁ ነው። ደላላ ዕድሜዋን ጨምሮ ፓስፖርት ያወጣላት እህት በመካከላችን እንዳለች ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ሳጥን ብቻ ብንሰጣት ወይ ከፓስፖርቷ ወይ ከእውነቷ ትጣላለች። ሁለት ሳጥን እንስጣት፦ «ፓስፖርቱ ላይ ያለው» እና «እሷ የምትለው»። ሁለቱ ሲለያዩ ቅጹ ልብ በሉ ይበል እንጂ አይከልክል። ልዩነቱ ራሱ ማስረጃ ነውና።

«በነፃ ለምንሠራው ሥራ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል» የምትሉ እህቶቼ፣ ነፃ የሆነው የእኛ ጊዜ ነው። የእሷ ደመወዝ ነፃ አይደለም። መክተቡም አሠሪውም ቀናችንን አጣመው ሲጽፉብን ኖረዋል፤ የራሳችን ቅጽ አይድገመው።

በሚቀጥለው የምዝገባ ቀን፣ የመጀመሪያዋ ልጅ ከመቀመጧ በፊት ቅጻችሁን ክፈቱና 3/13 ብላችሁ ሞክሩት። ከዚያ ከጀመረችበት የቀደመ የማቆሚያ ቀን አስገቡ። ዝም ብሎ ከተቀበላችሁ፣ እስኪታረም ድረስ ደብተሩን መልሱት።