«የሱና መድኃኒት» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ቁስል አያድንም



በየመንገዱ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚሸጡ የቅጠል ቅባቶች በዝተዋል። ብልቃጡ ላይ «የሱና መድኃኒት» ተብሎ ይጻፍበታል። ለብጉንጅ፣ ለጭርት፣ ለእከክ፣ አልድን ላለ ቁስል ሁሉ ፍቱን ነው ይባላል። ማስረጃ ሲጠየቅ ደግሞ «ባክቴሪያ እንደሚገድል በሳይንስ ተረጋግጧል» የሚል መልስ ይመጣል። ሼር ከማድረጋችን በፊት ልንነጋገርበት ይገባል እንላለን።

አስቀድመን እውነቱን እንቀበል። ተክል ጠላት ሲመጣበት ሮጦ አያመልጥም፤ አላህ (ሱ.ወ) ራሱን በውስጡ ባሉ ንጥረ ነገሮች እንዲከላከል አድርጎ ፈጥሮታል። የሀገራችን ተመራማሪዎችም ግራዋን ጨምሮ ብዙ ዕፅዋትን ብጉንጅ በሚያመጣው ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ በተባለው ባክቴሪያ ላይ ሞክረዋል፤ እድገቱን የሚገቱም አግኝተዋል። አንቲባዮቲክ የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች በበዙበት ዘመን ይህ ተስፋ ነው። የአያቶቻችንን ዕውቀት የሚንቅ ሰው ተሳስቷል።

ነገር ግን ሙከራው ምን እንደሆነ እንወቅ። ቅጠሉ ደርቆ ይፈጫል፤ ብዙ ጊዜ በአልኮል ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ የተጣራው ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ ይደረጋል። በዙሪያው ባክቴሪያው ካልበቀለ «ይሠራል» ይባላል። ይህ ጥሩ ጅምር ነው፤ መድኃኒት ግን ገና አልሆነም። በረኪናም ባክቴሪያ ይገድላል፤ ቁስሉ ላይ በረኪና የሚያፈስ ግን የለም። መጠኑ ስንት ይሁን? ጤነኛውን ቆዳ ይጎዳል ወይ? ቤት የተወቀጠው ቅጠል ውስጥ ያ ንጥረ ነገር በቂ ነው ወይ? ሳህኑ ይህን አይመልስም። በየጓሯችን ያለው ጤና አዳም እንኳ ጭማቂው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው ውሃ የሚቋጥር ቃጠሎ ሊያስከትል ይችላል።

ሌላም ነገር አለ። ጭርት የሚመጣው በፈንገስ ነው። እከክን የምታመጣው ደግሞ ቆዳ ውስጥ የምትቆፍር በጣም ትንሽ ተባይ ናት። ባክቴሪያ ስለገደለ ብቻ አንድ ቅባት ለሁለቱም ይሆናል ማለት አይቻልም። «ለሁሉም ፍቱን» የሚለው ቃል ራሱ ሊያጠራጥረን ይገባል።

መፈተን የምዕራባውያን ሐሳብ ነው የሚል ካለ ወደ ራሳችን ታሪክ ይመለስ። በ1037 ያረፈው ኢብን ሲና «አል-ቃኑን ፊ አጥ-ጢብ» በተሰኘው መጽሐፉ መድኃኒት የሚፈተንበትን መስፈርት አስቀምጧል። መድኃኒቱ ባዕድ ነገር ያልተቀላቀለበት ይሁን፣ በነጠላ በሽታ ላይ ይሞከር፣ ውጤቱ በተደጋጋሚ ይታይ፣ በመጨረሻም በእንስሳ ላይ ብቻ ሳይሆን በሰው አካል ላይ ይረጋገጥ የሚሉት ከመስፈርቶቹ ይገኙበታል። ዛሬ ብልቃጥ ላይ ከሚለጠፈው ወረቀት ይልቅ ይህ ለቅርሳችን የቀረበ ነው።

ዲናችንም መታከምን ያዛል። ሕክምና ሳያውቅ የሚያክም ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑም በሐዲስ መጥቷል። እንግዲህ ያልተፈተነ ቅባት በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሱና ስም የሚሸጥ ሰው አማናውን ያስብበት። ሳናጣራ የምናጋራ እኛም ከዚህ ነፃ አይደለንም።

ሰው ብልቃጡን የሚገዛው ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ ሐኪም ቤት ወረፋውም ወጪውም ስለሚከብደው ነው። ይሁን እንጂ መዘግየት ይበልጥ ያስከፍላል። መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ ትኩሳት ካለ፣ ቁስሉ ዓይን አጠገብ ከሆነ፣ ታማሚው ሕፃን ወይም የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ ቅጠል እየቀያየርን ቀን አንግፋ፤ ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። አንዳንድ የቆዳ ቁስል አምጪ ባክቴሪያዎች ቆይተው ኩላሊት ላይ ችግር ሊያስከትሉ ይችላሉ። ተወኩል ማለት ሰበቡን አድርሶ ውጤቱን ለአላህ መተው ነው።

ፋርማሲ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ የምታጠኑ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ ሥራው የእናንተ ነው። የትኛው ቅጠል፣ ከየት፣ ለምን፣ እንዴት እንደሚዘጋጅ ዐዋቂ አዛውንቶችን ጠይቁ፤ ስማቸውንና ድርሻቸውን ጠብቃችሁ መዝግቡ፤ ከዚያ በላብራቶሪ ፈትኑ። ቅርስን ማክበር ማለት ይህ ነው።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይወፍቀን፤ የታመሙትን ሁሉ ያሽርልን። ወላሁ አዕለም።