ቁልፉ የት ነው?

አጣዬ በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ስትቃጠል ያየ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ሲሸሹ የሚያዘው ጥቂት ነው። ልጁን ይዞ የወጣ የቤቱን ካርታና የትምህርት ማስረጃውን ትቶ ወጥቷል።

ይህን ያስታወሰኝ የእህቴ ልጅ ነው። "ጋሼ፣ ቢትኮይኔን ወደ አዲሱ ላፕቶፕ ላዛውር ብዬ ስገለብጥ ሰነበትኩ" አለኝ። የገለበጠው የብሎክቼይኑን መዝገብ ነው፤ ከ600 ጊጋባይት በላይ። "ዋሌቱስ?" ስለው ዝም አለ። እሱ አሮጌው ላይ ቀርቷል፤ አሮጌው ደግሞ ሊሸጥ ዋጋ ተቆርጦለታል።

ትልቁ መዝገብ እኮ የሁሉም ነው። በዓለም ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ቅጂው አላቸው፤ ቢጠፋ እንደገና ይወርዳል። ቁልፉን የያዘችው ትንሿ የዋሌት ፋይል ግን ካልገለበጥናት ሌላ ቦታ የለችም። በዌልስ ኒውፖርት ከተማ በ2013 እ.ኤ.አ. ሃርድ ዲስኩ ቆሻሻ መጣያ የገባበት ሰው ሺዎች ቢትኮይን አብረው ሄደውበታል፤ ላስቆፍር ብሎ ቢከስም በ2025 ክሱ ውድቅ ተደርጎበታል።

የባንክ ደብተር ቢቃጠል ባንኩ ሌላ ይሰጣል። ዋሌት ግን አቤት የሚባልበት ቢሮ የለውም። እኛ አገር ደግሞ ይባስ፤ ለቢትኮይን ማይኒንግ ኤሌክትሪክ ይሸጣል፣ ብሔራዊ ባንክ ግን በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል። ስለዚህ ግዙ አልልም። የያዘ ግን ጠባቂው ራሱ ብቻ መሆኑን ይወቅ።

ለልጁ የነገርኩት ይኸው ነው። መጀመሪያ ፕሮግራሙን ዝጋ። የዋሌት ፋይሉን በፍላሽ ገልብጥ። አዲሱ ላይ ክፈትና የይለፍ ቃሉ መሥራቱን በትንሽ ገንዘብ ልከህ ሞክር። ከዚያ በኋላ ነው አሮጌውን ዲስክ አጥፍቶ መሸጥ። 12 ወይም 24 ቃላት የሚሰጥ ዋሌት ከሆነ ቃላቱን በቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ጻፍ፤ ፎቶ አታንሳቸው፣ በቴሌግራም አትላካቸው። አንዱን ቅጂ አጣዬ፣ ሌላውን ደብረ ብርሃን ከምታምነው ዘመድ ዘንድ አስቀምጥ።

ልጁ ወዲያው ለገዢው ደውሎ ቀጠሮውን አራዘመ። እኛ ቤታችን የተቃጠለብን ሰዎች ነን፤ ሁለት ቦታ ማስቀመጥን ሌላ ሰው ሊያስተምረን ባልተገባ ነበር።