ቫይረስ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ

«ቲቸር፣ ኮምፒውተሬ ተንቀራፈፈ፤ ጠንካራ አንቲቫይረስ ጫንልኝ» የምትሉኝ በዝታችኋል። ሰሞኑን የአንዱን ዴስክቶፕ ብፈታው ፋኑ በመተማ አቧራ ተደፍኗል። በዚህ ሙቀት ፋኑ በደንብ ካልነፈሰ ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በዚያ ላይ ሁለት አንቲቫይረስ፣ አንዱ ክራክ! ሁለቱም እያንዳንዱን ፋይል ሲፈትሹ 4 ጊጋ ራም ምን ይተርፈዋል? ሁለቱንም አጠፋሁ፣ አቧራውን አራገፍኩ፤ ነፍስ ዘራ።

ክራክ አንቲቫይረስ ለእኔ የማያውቁትን ሰው ዘበኛ መቅጠር ነው። ከዊንዶውስ 10 ጋር አብሮ የሚመጣው ዲፌንደር ለቤት ይበቃል፤ አፕዴት ከተደረገ። (የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 2018 ቢያበቃም የዲፌንደር አፕዴት አልቆመም።) ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት አፕዴት ከየት ይምጣ? አዲሱን ቫይረስስ በምን ይወቀው? ስለዚህ ኔትወርክ ስታገኙ ከቴሌግራም በፊት እሱን። ብር ካላችሁም ለአንቲቫይረስ ሳይሆን ለኤስኤስዲ አውጡት፤ ከአሮጌው ሃርድ ዲስክ ጋር አይወዳደርም።

እኛ ጋ ቫይረስ በብዛት የሚመጣው በፍላሽ ነው። ከፎቶ ኮፒ ቤት መልስ ፋይሉ ሁሉ ሾርትከት ከሆነባችሁ አትክፈቱት፣ ፎርማትም አታድርጉት፤ ብዙ ጊዜ ዋናው ፋይል ተደብቆ እንጂ አልጠፋም። ይሄን የምለው አምና ቸኩዬ ፎርማት አድርጌ የአንዲት ተማሪዬን የ12ኛ ክፍል ማስታወሻ በሙሉ ስላጠፋሁባት ነው። ታነበዋለች፤ አሁንም ይቅርታ እህቴ።